ቢጫው ዱቄት

ዓርብ፣ ኅዳር 1 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ
ገበያ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሰባ ሁለት ሕመምተኛ አየን። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ላጠው። የዱቄት ወተት ካለቀብን ወር አለፈ፤ አዲስ አበባ ሁለቴ ጻፍኩ፤ መልስ የለም።

ከድጄ የምትባል እናት ልጇን ጀማሉን አዝላ መጣች። ሁለት ዓመት ተኩል። እግሩ አብጧል፣ ፀጉሩ ቀልቷል። መርፌ ስወጋው እንኳ አላለቀሰም… የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ታናሹ ሲወለድ ጡት ተከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ቆጮና ጎመን ብቻ። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ለእንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን አይበቃም። "ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ ስጪው" አልኳት። ልጇን መልሳ አዘለች። ባሏ መርካቶ ነው፤ ከሄደ ቆየ።

ኅዳር 4
ምሳ ላይ የእርሻ ባለሙያው ፈቃደ ስለ ንብ አወራኝ። ንብ ማር የምትበላው ለጉልበት ነው አለ። እጮቿን የምታሳድገው ግን ከአበባ ለቅማ በእግሯ በምታመጣው ቢጫ ዱቄት ነው። አንድ አምስተኛው ያህል ፕሮቲን! ቫይታሚንም አለው። "እዚህ ግን ማር ሲጣራ ይጣላል።"
ይጣላል? እኔ ደግሞ ወተት ላኩልኝ እያልኩ ወረቀት እጨርሳለሁ…

ኅዳር 6
ጋሽ ሰይዶ ዘንድ ሄድኩ። የከድጄ ጎረቤት ናቸው፤ ከሃያ በላይ ቀፎ አላቸው።
"ይሄን? ጠጅ ጣዮቹ እኮ ማሩን አበላሸብን ይሉኛል" አሉ። ግን በቅል ሞልተው ሰጡኝ።
መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩ። መረር፣ ጣፈጥ ይላል። ወዲያው ከንፈሬን አሳከከኝ፣ አበጠም። ለሁሉም ሰው አይስማማም ማለት ነው። ጋሽ ሰይዶ ሳቁ፤ "ሐኪሟ ንብ ሳይነድፋት አበጠች!"
ከድጄ ጀማሉን ወደዚያው አመጣችው፤ በቁንጥር ጀመርንለት፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

ኅዳር 9
ተስማምቶታል። በቡላ ገንፎ አድርጋ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ እንድትሰጠው ለከድጄ ነገርኳት።

ኅዳር 15
ጾም ገባ። ወተት አልጠጣም፤ ስለ ወተት ግን ከእኔ በላይ የሚያስብ የለም።

ኅዳር 21
እብጠቱ ጎድሏል! ተሳስቼ ይሆን? ሁለቴ አየሁት። ጎድሏል።

ኅዳር 29
ጀማሉ አለቀሰ! መርፌውን ሲያይ ጮኸ። ልስመው ስል በጥፊ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!
ማታውን ሪፖርት ጀመርኩ። "የንብ ዱቄት በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት።" ከሥሩ ስሜ። ፊርማዬ እንዲያምር ሦስቴ ተለማመድኩ… ምን አለበት?

ታኅሣሥ 5
ሪፖርቱን ከመላኬ በፊት ቤታቸውን ልይ ብዬ ሄድኩ። ገባሁ… ላም። ቀይ ጥገት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ታስራ የእንሰት ቅጠል ታኝካለች።
"የማን ናት?"
ከድጄ ተንተባተበች። የጋሽ ሰይዶ ናት። ከድጄ ክሊኒክ እኔ ጋ በመጣች ማግስት ነድተው አመጡላት። ጀማሉ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ብርጭቆ ሲጠጣ ከርሟል።
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"ጋሽ ሰይዶ ለሰው አትንገሪ አሉኝ፤ ባሏ ጥሏት ሄደ እንዳይባል። እርስዎም ሲስተር… በዱቄቱ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር።"
ፊቴ ጋለ። ሁለት ማንኪያ ዱቄት የአንድ ስኒ ወተት ያህል እንኳ ፕሮቲን የለውም። ይህን ሂሳብ መሥራት አቅቶኝ ነው? አልፈለግሁም እንጂ! ዱቄቱ ምንም አልረዳም አልልም፤ አላውቅም። ያዳነው እሱ ነው ብዬ ግን በምን አፌ?

ታኅሣሥ 7
ተቆጥቼ ጋሽ ሰይዶ ጋ ሄድኩ። "ላሟን ከሰጡ፣ ዱቄቱን ለምን ሰጡኝ?"
ግራ ገባቸው። "ዱቄቱን ጠየቅሽኝ፣ ሰጠሁሽ። ላሟን ለመስጠት ደግሞ ማን ይጠይቀኝ ልጄ? ጎረቤቴ እኮ ነው የታመመው።"
መንገድ ላይ አለቀስኩ። በእሳቸው አይደለም፣ በራሴ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13
ሪፖርቱ አልተላከም። ቀደድኩት።
ዛሬ ከቡኢ በኩል አንዲት እናት እግሯ ያበጠ ሴት ልጅ ይዛ መጣች። ላም የላቸውም። በፊት ቢሆን ምክሬን ሰጥቼ ሸኝቻት ነበር።
"ላም ያለው ጎረቤትስ?" አልኳት።
"አለ… ግን እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? አፍራለሁ።"
"እኔ አላፍርም። ነገ አብረን እንሄድና እኔ እለምንልሻለሁ።"