ሐኪሙ ለአባዬ ሕመም ያሉት ቃል

ማክሰኞ
«ቶርሚና» ነው ያሉት። ሁለቴ ሲሉ ሰምቻለሁ። አባዬን ጠዋት ቆቦ ሐኪም ቤት ወስጄው፣ ሽማግሌው ሐኪም ሆዱን ተጫን ተጫን አደረጉና አጠገባቸው ለቆመችው ተለማማጅ ነገሯት። ምን ማለት ነው ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። የሰገራም የአልትራሳውንድም ውጤት ዓርብ ነው። አባዬ ባጃጁ ውስጥ ሆዱን ይዞ እጥፍ ብሎ ነው የመጣው።

ረቡዕ
ዋጃ ላለችው እህቴ ለከድጃ ደውዬ ቃሉን ነገርኳት። ቱመር፣ ዕጢ ብለውሽ ነው፣ አጣምመሽ ሰምተሽው ነው አለችና አለቀሰች። ስልኩን ስዘጋ አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ቱመር ስል ሰምቶኛል። ሰገደ። ከዚያ ሰይድን ጥሪልኝ አለኝ።
ሰይድ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጎብዬ ነው የሚኖረው፤ ማሽላው ግን እዚህ ከእኛ ጎን ነው። ለመስኖ የሚጠለፈው ጎርፍ ወደ ማን ማሽላ ይግባ በሚል ተጣልተው ዓመታት ሆኗቸዋል። ዒድ ላይ እንኳ አይነጋገሩም። ደወልኩለት። ሰማኝና ዘጋው።

ሐሙስ
መጣ። ፓፓያ በፌስታል ይዞ። መጀመሪያ ስለ ዝናብ አወሩ። ከዚያ አባዬ፣
«ሰይዶ፣ መሄዴ ነው መሰል። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»
«አውፍ ብያለሁ። አንተም አውፍ በለኝ» አለና ጉልበቱን ሳመው።
ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ አላውቅም። ነገ እኛ ሐኪም ቤት ስንሄድ አጎቴ ላሞቹን ይጠብቃል።

ዓርብ
አልሐምዱሊላህ። አልትራሳውንዱ ምንም የለበትም። ሰገራው ላይ አሜባ ነው የተገኘው፤ መድኃኒት ሰጥተውናል።
ያኔ ደፍሬ ቃሉን ጠየቅኩ። ሐኪሙ ሳቁ። የስቃዩ ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም አሉ። ላቲን ነው፤ የጥንት ሐኪሞች የሆድ ቁርጠትን እንዲያ ይሉት ነበር። ሥሩ መጠምዘዝ ነው፤ ስቃይ የሚለውም ቃላቸው ከዚያው ነው የመጣው። ዛሬ የሚጠቀምበት የለም፤ እሳቸውም ያነሱት ተማሪዎቻቸውን ሊፈትኑበት ነው።
«እኛስ ሆዴን ጠመዘዘኝ አይደል የምንል?» አላቸው አባዬ።
ለከድጃ ስነግራት መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ እልል አለች። አባዬ ግን መንገድ ላይ እጄን ያዘና ለሰይድ አትንገሪው አለኝ። መዳኔን ከሰማ ቂሙ ይመለስበት ይሆናል፣ ወሬው ትንሽ ይሰንብት አለ።

ቅዳሜ
ለካ ከድጃ ትናንትናውኑ ለአጎቴ ደውላለታለች። ሁሉን እያወቀ ነው ራት አብሮን የበላው። ጠዋት አባዬ እየፈራ ሊነግረው ሲጀምር፣ ሰምቻለሁ ብሎት አካፋውን አነሳ። ገና አልጠናህም እያልኩት አባዬም ተከተለው። ማሽላው ዳር ሆነው ስለ ውሃው ሲከራከሩ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ይከራከሩ።