ወይዘሮ ፉአቲኖ ሙሊታሎ፣ የአርብ ደሞዝ ጠባቂ

ወይዘሮ ፉአቲኖ ሙሊታሎ ከአባታቸው ከአቶ ሙሊታሎ ሲሞና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሌኔ ታአሊ በሳቫይ ደሴት፣ በሳፎቱ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1963 ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ ግን የመጀመሪያ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ወንድም ለእህቱ የቃል ኪዳን ባለ ዕዳ ነው፤ እሷ ሳትበላ አይበላም። ታላቅ ወንድማቸው ኢኦሴፎም ገና በልጅነታቸው ከዓሣው የሰባውን ጎን ለእሳቸው ይተዉላቸው ነበር። ያኔ የነበርን እናስታውሳለን።

ፊደል የቆጠሩት በመንደሩ ፓስተር ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን በዋና ከተማው በአፒያ ጨርሰው በ1982 ባሕር ማዶ ወደ ሱቫ ተሻገሩና የሂሳብ አያያዝ ተምረው ተመለሱ። ለጥቂት ዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገለገሉ። በ1988 ከአናጢው ከአቶ ፔሌናቶ ታፉአ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ትንሽ የግንባታ ድርጅት አቋቋሙ። መዶሻው የባል፣ ሂሳቡ የሚስት ሆነ።

ወገኖቼ፣ ሥራ ተቋራጭ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሥራ አጥቶ አይደለም። ሥራ በእጁ እያለ ነው። ሲሚንቶው ዛሬ ይገዛል፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ይከፈለዋል፣ የአሠሪው ክፍያ ግን ከወራት በኋላ ይመጣል። ሰው የሚሰምጠው እዚያ መሃል ላይ ነው። ወይዘሮ ፉአቲኖ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ያንን መሃል ሲጠብቁ ነው።

በ2004 ለዚሁ የሚሆን ሶፍትዌር አስገዙ። እያንዳንዱ ሥራ በየሳምንቱ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ያሳያል፤ ገንዘቡ የሚያልቅበት ሳምንት ላይ ሲደርስ ቀይ ይሆናል። አርብ አርብ ደሞዝ ከፍለው ሲያበቁ፣ ከተተነበየው ጎን በእርግጥ የሆነውን ይሞሉ ነበር። ፕሮግራሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ስለ ፋአላቬላቬ አያውቅም። ለቅሶና ሠርግ ሲመጣ ቤተሰብ ሁሉ ያዋጣል፤ ሠራተኛውም በደሞዙ ላይ ብድር ሊጠይቅ ይመጣል። እሳቸው ለዚያ የራሱን መስመር ጨመሩለት። አቶ ፔሌናቶ «ሌላው ሰው የአየር ትንበያ በሬዲዮ ይሰማል፤ እኔ ግን አግብቼዋለሁ» እያሉ ያስቁን ነበር።

በ2013 ድርጅቱ በደቡብ ዳርቻ አንድ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። አርባ ያህል ሠራተኛ ነበረው። ገንዘቡን የሚሰጠው የባሕር ማዶ ድርጅት ከዚያ በፊት የነበሩትን ሦስት ክፍያዎች ሁሉ አዘግይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ እናታቸው ወይዘሮ ኢሌኔ አረፉ። የቤተሰቡ አለቃ የሆኑት አቶ ኢኦሴፎ ሁሉንም ጠሩ። በድርጅቱ ሂሳብ ገንዘብ መኖሩን ያላወቀ ሰው አልነበረም።

«ፉአቲኖ፣ ባንክ ያለው ይውጣ። እናታችን እንደ ተራ ሰው አትቀበርም» አሏቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያለ ይመስላል እንጂ የለም። መጪው ክፍያ እንደ ወትሮው ከዘገየ ባንክ ያለው የሁለት አርብ ደሞዝ ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የሰው ገንዘብ ነው።»

«የሰው ነው? እናትሽስ የማን ናት?»

ወይዘሮ ፉአቲኖ የራሳቸውን ፒክአፕ ሸጡ። ለሠርጋቸው የተሠራላቸውን ትልቁን የክብር ምንጣፍ ለለቅሶው ስጦታ አመጡ፣ አሳማም አመጡ። ከድርጅቱ ሂሳብ ግን አንድ ታላ ገንዘብ እንኳ አላነሱም። በድንኳኑ ውስጥ አንዳንድ ዘመድ «እስቲ ኮምፒውተሩ ያልቅስላት!» ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል።

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ። ክፍያው ሰኞ ጠዋት ገባ። ሙሉው፣ በቀኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አበድረው ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያውቅ ይመለስ ነበር።

በዚያ ሳምንት አርብ ሠራተኛውን ከፈሉ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ከትንበያቸው ጎን የሆነውን ሞሉ። ከዚያ ተነሥተው ለእራት ታሮ ሊልጡ ወደ ማድቤት ገቡ። አቶ ኢኦሴፎ ክፍያው መግባቱን ሲሰሙ «ገንዘቡ ነበረ» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ያህል እህታቸውን አላናገሩም። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በአንድ በር ይገቡ ነበር፣ አይተያዩም። ሽማግሌ ተላከ፣ ፓስተሩም ሄዱ፤ አልሆነም።

ይህን የምናነበው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ስለ እሳቸው ተናግረን ይህን መዝለል ስላልቻልን ነው። እሳቸው ራሳቸውን ሲከላከሉ የሰማ የለም። አንድ ቀን ባለቤታቸው «ተጸጽተሻል?» ቢሏቸው፣ «ባይመጣስ ኖሮ?» አሉ፤ ቀጥለውም ልብስ ማጠፍ ያዙ። ትምህርት ቤቱ አለቀ። ልጆች ይማሩበታል።

በ2022 ኩላሊታቸው ታመመ። ሥራውን ለልጃቸው ለአናመሪያ አስረክበው በአፒያ ሆስፒታል በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠብ ጀመር። ባለፈው ሜይ ወር አቶ ኢኦሴፎ ሳይጠሩ ከሳቫይ በጀልባ ተሻግረው መጡ። ከአልጋው ጎን ወንበር ስበው ተቀምጠው፦

«አሁንስ ኮምፒውተርሽ ምን ይላል?» አሏቸው።

«ገቢ የለም ይላል፣ ወንድም ጋሼ። ወጪ ብቻ።»

ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ መጥታ «አባት፣ እሳቸውስ ታመው ነው፤ እርስዎ ምን ሆነው ነው?» ብላ እስክትቆጣ ድረስ ሳቁ። ይቅርታ ሲባባሉ የሰማ የለም። ማታ ማታ ሾርባውን በማንኪያ የሚያጎርሷቸው ግን አቶ ኢኦሴፎ ነበሩ።

ወይዘሮ ፉአቲኖ ጁን 18 ቀን 2024 ንጋት ላይ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ምን እንደሚሰማን ገና አላወቅንም። ምንጣፉን እናነጥፋለን፣ እንግዳ እንቀበላለን፣ ተመልሰን እንቀመጣለን።

ባለቤታቸው አቶ ፔሌናቶ፣ ልጆቻቸው አናመሪያ፣ ቲሞ እና ሎቶ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አክስታቸው እና ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኢኦሴፎ ከኋላ ቀርተዋል። የዚህን ለቅሶ ወጪ የደለደሉት እንደ ቤተሰብ አለቃነታቸው አቶ ኢኦሴፎ ናቸው። ትናንት ጠዋት አናመሪያ የድርጅቱን ቼክ ይዛ ብትቀርብ፣ «መልሽው፣ ልጄ። አርብ ሠራተኛ ይመጣል» ብለዋታል።

ሌሎች እንዲያርፉ ሲሉ ሳያርፉ የኖሩትን እኚህን እናት ጌታ በእጁ ያሳርፍልን። አሜን።