የሽቦው አቶም

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 1927 ዓ.ም.፤ ጠዋት 3 ሰዓት

የአንድ መምሬ የኪስ ሰዓት ፈትቻለሁ። የሚያዞረው ሞላ ተሰብሯል። የእህቴ ልጅ አስካለ ሱቅ መጣች፤ የሠራሁላትን አቶም ይዛ። መካከሉ ቀይ ዶቃ፣ ዙሪያው የሽቦ ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ የምትሮጥ ነጭ ዶቃ። ነጯ ኤሌክትሮን መሆኗ ነው። ከአሮጌ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩት፤ ኩራቴ።

አዲሷ ፈረንሳዊት መምህርታችን ቀለበቱን ተዉት ብለዋል አለችኝ። ኤሌክትሮን የሚዞርበት መስመር፣ ኦርቢት የሚሉት፣ የለውም። ያለው ኦርቢታል ነው፦ የመገኘት ዕድሉ የሚበዛበት ስፍራ። እንደ ጉም፤ እዚህ የጠቆረ፣ እዚያ የሳሳ።

እኔ መቼም ዝም አልል። «ኤሌክትሮንሽ የአራዳ ደላላ ነዋ! ከገበያው አይጠፋም፣ አንዳንዴ ድልድዩ ጋ ይታያል፣ በየት እንደሄደ ግን ማንም አያውቅ!»

ደንበኞቼ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ደላላው መንገድ አለው፤ እኛ አናውቀውም እንጂ። ይሄኛው ጭራሽ የለውም።»

ይብስ ሳቅኩ። አቶሙን ባንኮኒው ላይ ትታ፣ አቀርቅራ ወጣች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቅዳሜ የት/ቤቱ ፈተና፤ በወላጆች ፊት። በሳይንስ የምትበልጠው ልጅ ረዳት መምህርት ትሆናለች። አባቷ የለም፤ በወላጅ ቦታ የምቀመጥላት እኔ ነኝ። ሽቦውን በአመድ ወለወልኩት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10፤ ከሰዓት 10 ሰዓት

ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ አቶሜ ጭኔ ላይ። መምህርቷ ስለ ሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ጠየቁ። አስካለ አየችኝ። ጭኔን አየች። ከዚያ፣ ጨረቃ ምድርን እንደምትዞር በቀለበት ይዞራል አለች።

አጨበጨብኩ። ብቻዬን።

ቦታው ለሌላ ልጅ ሆነ።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ እህቴ ቤት። እያወቅሽ ለምን ተሳሳትሽ? አልኳት አስካለን።

«በሰው ፊት ላሳፍርዎት ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

ደብተሯን አሳየችኝ። ነጥብ በነጥብ የሆነ ሥዕል፤ መሐሉ የታጨቀ፣ ዳሩ የሳሳ። ኤሌክትሮኑ አንድ ነው፤ ነጥቦቹ ቢፈለግ ሊገኝ የሚችልባቸው ቦታዎች ናቸው። በአምስት ደቂቃ ገባኝ። ሰኞ እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ብሰጣት ኖሮ! ደብተሬ፣ ስንቱን ቀልዴን ጽፌብሃለሁ። የሰኞውን ብፍቀው ደስ ባለኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ሽቦውን ፈታሁት። ሱቅ አልከፍትም፤ ት/ቤት እሄዳለሁ። ፈረንሳይኛዬ ሰዓት ለመሸጥ እንጂ ለይቅርታ አይበቃም፤ ስለዚህ ለመምህርቷ የምለውን እዚህ ልለማመድ። እመቤቴ፣ ልጅቷ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ነኝ። እንደገና ይጠይቋት፤ እኔ በሌለሁበት።