«ሶሪ» እና የአምስት ሳምንት ጺም

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ሾርባውን ከእኔ ቀድሞ ጺሜ ጠጣው። የልጅ ልጄ በሳቅ ሞተች።
«አባባ፣ ለምን አይላጩም? ፀጉር ቤት በየመንገዱ ሞልቶ...»
ሞልቷል። ግን አርባ ዓመት አንድ ሰው የላጨውን አገጭ ለማንም ይሰጧል እንዴ?

ያ ሰው ደግሞ አኩርፎኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው... እሺ፣ በአብዛኛው የእኔ። ዕድሜ ልኬን የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ እጄ አላርፍ አለኝ። «ባለቤቱ ስላረጀ ተዘግቷል» ብዬ ጽፌ በጠዋት ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሰቀልኩለት። ለቀልድ። የፊደሉ ማማር! ሰው ሁሉ አመነ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን አንድ ደንበኛ ሳይገባለት ዋለ።
ማታ ሲይዘኝ «ሶሪ ወንድሜ» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አንድ ተራ ቃል መርጦ ትርጉሙን፣ አመጣጡንና አጠቃቀሙን መጻፍ። የመረጠችው «ሶሪ»ን። ሆን ብላ ይሆን? ይቺ ተንኮለኛ... በማን ወጣች?

እንግሊዞቹ ሰው ሲገፉ ሶሪ፣ ሲገፏቸውም ሶሪ ይላሉ አለችኝ። ያልሰሙት እንዲደገምላቸው ሶሪ። ለቅሶ ሲደርሱም ሶሪ።
«ርካሽ ቃል ነው» አልኳት።
«አሁን ነው የረከሰው። አመጣጡ እኮ ሕመም፣ ቁስል ከሚል የድሮ ቃል ነው። ያመመው ሰው ነበር የሚለው።»
«ታዲያ ምነው እየሳቁ ይሉታል?»
ጺሜን ትክ ብላ አየችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በፀጉር ቤቱ በር ላለማለፍ ስል ዳቦ ለመግዛት ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ። ጉልበቴ አለቀ።
ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አጮልቄ አየሁት። ሦስት ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል፣ መስኮቱ ጥግ ያለው የእኔ ወንበር ግን ባዶ ነው። ማንንም አላስቀመጠበትም።
ገባሁ? አልገባሁም። ፈሪ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ገባሁ።
ሶሪ አላልኩም። «በር በሩን ስታይ የዋልክባት ያቺ ቅዳሜ... አሁን ነው ያመመችኝ» አልኩት። ቀልድ አልጨመርኩበትም። እኔ፣ አፈኛው!
ፎጣውን አራገፈ። ወንበሬን መታ መታ አደረገ።
«ተቀመጥ፣ አንተ ሽማግሌ።»

ሳሙናው ሞቅ ያለ ነበር። ግራ ጉንጬን ልጭት አደረገልኝ። ከዚያ ምላጩን አጠበ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ከመሳቢያው ታፔላዬን አወጣ። ለካ አልጣለውም!
«ወዴት ነው?»
«ዘግቼ ወደ ቤቴ።»
«ቀኙስ?!»
«ባለቤቱ አርጅቷል። ማንበብ አትችልም? ሰኞ ና።»
ታፔላውን በሩ ላይ ሰቀለና ዞረ። «ሶሪ ወንድሜ!» አለኝ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

በግማሽ ጺም ወደ ቤት ተመለስኩ። በአጭሩ መንገድ።