ከታችኛው መደርደሪያ የወጡት ዶቃዎች

ልጄ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ውሎሽ ይቅናልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ አሁንም አሮጌ ሬዲዮ እየፈታታ ቤቱን በብሎን ሞልቶታል። እኔ ግን ደክሞኛል።

የላክሽልኝን ዶቃ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ቀለም እንዲለዩበት ብዬ እጃቸው ከሚደርስበት ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ «ጫጩት» የምንላት የሦስት ዓመት ልጅ አንዱን አፏ ከተተችና ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረባት። ፊቷ ሲጠቁር እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ምግብ አብሳያችን ሮጣ ገብታ፣ ልጅቷን ደፍታ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ዶቃው ዱብ አለ። ተመስገን፣ ተረፈች።

ርዕሰ መምህሩ «ሁሉንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊው» አሉኝ። «ልጅ ሳይነካ በምን ይማራል?» አልኳቸው። ከዚያ መጫወቻውን በሙሉ ወለል ላይ ዘርግፌ፣ በሶፍት ጥቅል ቀዳዳ የሚያልፈው ልጅ ሊያንቅ ይችላልና እሱን እየለየሁ ማውጣት ጀመርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ወገቤ አልቋል።

መለየት በጀመርኩ ማግስት የጫጩት እናት መጣች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ልነሣ አልኩ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ቲቸር፣ የቱን ልለይልዎት?» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ እንድትጸጸቺ አይደለም፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ሌላ ጊዜ ስትልኪ ከልጅ ጡጫ የሚተልቅ ይሁን። በደነገጥሽበት ቀን አጠገብሽ ቁጭ የሚል ሰው አያሳጣሽ፣ የኔ ዓለም።

እናትሽ