ዘጠኝ ሺህ እርምጃ በአራት እግር

ውድ እህቴ ሶረቲ፣

መጀመሪያ ጭኮውን ብዪ። እማዬ ናት የላከችልሽ። ጠግበሽ ስትጨርሺ ቁጭ በይና ይህን አንብቢ፤ የተራበ ሰው ይቅር አይልም ሲባል ሰምቻለሁ።

እኔ መቲ ፈየራ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት፣ በፈጣሪ ፊት፣ በቤተሰባችን ፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውሻችን በቦቢ ፊት ቆሜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ መጋቢት ወር ሙሉ «አባዬ ጀግና!» እያልሽ ያጨበጨብሽላቸው እርምጃዎች የአባዬ አልነበሩም።

የቦቢ ነበሩ።

አትጩኺ። በቴሌግራም ያልጻፍኩልሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደውለሽ እንዳትጮኺብኝ ነው። ደብዳቤ ባኮ እስኪደርስ እኔ ትምህርት ቤት እገባለሁ።

አደራሽን አልረሳሁም። ከጤና ጣቢያ ደሞዝሽ ስልክ ገዝተሽ ላክሽ፤ «ስኳሩ የሚወርደው ሲራመድ ነው፤ በየቀኑ የሄደውን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አልሽ። አባዬ ስልኩን ኪሱ ከተተና ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ሶፋ ተጓዘ። ቁጥሩን ሳየው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ይላል።

«ሁለት መቶ! ለጀማሪ መቼ አነሰ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሶረቲ እኮ ስምንት ሺህ ነው ያለችው።»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዓለም ላይ ያልወጣሁት ተራራ የለም።»

«በጠመኔ ነዋ!»

ጫማ ወረወረብኝ። እጁን ስላንቀሳቀሰ እንደ ስፖርት ቆጠርኩለት።

ሁለት መቶ አሥራ አንድን ብልክልሽ እንደምታለቅሺ አውቃለሁ። ስልኩን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተትኩና ቦቢ አንገት ላይ አሰርኩት። ዘጠኝ ሺህ አርባ! አንቺም የልብ መዓት ላክሽ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። አሥራ አራት ሺህ የሞላበት ሐሙስ ትዝ ይልሻል? ያን ሳምንት ቦቢ የፍቅር ጉዳይ ነበረበት፤ ዝርዝሩ ለጨዋ ሰው አይጻፍም። በማግስቱ ለአባዬ ደወልሽና «እኮራብሃለሁ» አልሽው። ስልኩን ዘግቶ፣ «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስለኖርክ ነው» አልኩት። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ፤ ሶፋው ላይ።

ከዚያ እማማ ወለተማርያም አረፉ። በስልክ ነግረንሻል፤ የቀብሩን ነገር ግን ማንም አልነገረሽም። አባዬ «አፍሽን ዝጊ» ብሎኝ ስለነበር ነው።

እማማ ወለተማርያም አጥር ለአጥር ስንኖር ምን ይሉት እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ «ፈየራ፣ እኔን የምትሸከመኝ አንተ ነህ፤ ታዲያ ዳገቱ ላይ እንዳታንገጫግጨኝ!» አባዬም፣ «እርስዎ ብቻ ቀስ ብለው ይሙቱ እንጂ እኔ አለሁ» ይላቸው ነበር። በዚህ እድር ሰው ሲሞት የሳጥኑን የፊት ቀኝ ጫፍ በትከሻው የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ከማስታውሰው ጀምሮ።

ያን ቀንም ያዘ። እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ በደንብ ሄደ። ከዚያ ከኋላ ሆኜ ሳየው ጆሮው ቀላ፤ ቀጥሎ ትንፋሹ በሴቶቹ ለቅሶ መሃል ተሰማ። ፊራኦል፣ ያ የእድሩ ዳኛ ልጅ፣ ከጎኑ ገባና ሳጥኑን ከትከሻው ወሰደለት። በክፋት አልነበረም፤ እንዳይወድቅ ነው። ከዚያ ሰዎቹ ደግፈው የት አስቀመጡት መሰለሽ? መራመድ የማይችሉ አሮጊቶችን የጫነችው ባጃጅ ውስጥ። እትዬ ዓለሚቱ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጠጋ አሉለትና፣ «ና ልጄ፣ ደገፍ በለኝ» አሉት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ሶሬ፣ አልሳቅኩም። አባዬ በባጃጇ ፕላስቲክ በኩል ሳጥኑ ዳገቱን ሲወጣ ያያል፤ ቀኝ ትከሻውን ደግሞ በግራ እጁ ይዞታል፤ የሆነ ነገር የተሰረቀበት ይመስል።

አንቺ በራሪ ወረቀት ልከሻል፣ ፓስተሩ ሰውነታችንን ስለ መጠበቅ ሰብኳል፣ እማዬ ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ከሶፋው ያነሳው የለም። በቀብሩ ማግስት ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመኝታ ቤቴ በር ተንኳኳ። አባዬ በሙሉ ሱፍ፣ በከረባትና በስፖርት ጫማ ቆሟል።

«ያቺን ስልክ አምጪና ነዪ» አለኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ቃል ነበረብኝ» አለ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ችግር ገጠመን። አምቦ ውስጥ መራመድ አይቻልም። መንገዱ አልጠፋም፤ ያስቸገረን ሰላምታው ነው። ከቤት ሃያ ሜትር ሳንርቅ ኦቦ ሆርዶፋን አገኘናቸው።

«አካም ቡልቴ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው። አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ?»

«ነጋ። ልጆቹስ? የባኮዋስ? ላሞቹስ?»

አባዬ ላም ኖሮት አያውቅም። «ደህና ናቸው» አለ። ከዚያ የደንዲ ጤፍ ዋጋ፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ የኦቦ ሆርዶፋ ጉልበት፤ ግራው ለብቻ፣ ቀኙ ለብቻ። እሳቸውን ስንጨርስ የአባዬ የድሮ ተማሪ መጣ፤ ቀጥሎ የተማሪው አባት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሄድነው አራት መቶ እርምጃ ነው። ቦቢ ይህን በህልሙ ይሄደዋል።

በሁለተኛው ቀን መላ ዘየድኩ። «አባዬ፣ እጅህን አንሳና እለፍ፤ አትቁም» አልኩት። እሺ ብሎ እጁን እያነሳ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ እስከ ሁሉቃ ድልድይ ሳይቆም ሄደ። እኔም እንደ አሰልጣኝ ኮራሁ። ታዲያ እዚህ አገር በጠዋት ሱፍ ለብሶ፣ ሰላም ሳይል የሚሮጥ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? መርዶ ነዋ! ወደ ቤት ስንመለስ ኦቦ ሆርዶፋና ሌሎች ስድስት ሰዎች ነጠላና ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ግቢያችን ቁጭ ብለዋል። እማዬም ማን እንደሞተ ሳታውቅ አብራቸው ታለቅሳለች።

«ፈየራ፣ አትደብቀን። ማን ነው?» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

«ማንም አልሞተም። ስፖርት እየሠራሁ ነው።»

እማዬ እንባዋን ጠረገችና፣ «እኔን ሳትገድል ስፖርት መሥራት አትችልም?» አለችው።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ራሱ ፈታው። ኦቦ ሆርዶፋ «አካም ቡልቴ» ብለው ሲቆሙ፣ እጃቸውን ጨበጠና ሳይለቅ መራመድ ቀጠለ። «ሰላምታው አይቀርም፤ ግን እየሄድን ነው» አላቸው። ምን ያድርጉ? እጃቸው ተይዟል። ላሞቹን እየጠየቁ፣ ጉልበታቸውን እየነገሩት ድልድዩ ድረስ ደረሱ። አሁን በየጠዋቱ አምስት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው እያወሩ ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ ከኋላ እንደ እረኛ። ትናንት አባዬ የመቃብሩን ዳገት ሲያይ ኦቦ ሆርዶፋ ነቁበትና፣ «ስማ፣ ቀጥሎ የምትሸከመው እኔን እንዳይመስልህ! እኔም እየተራመድኩ ነው!» አሉት። አባዬ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ከሚያዝያ ጀምሮ የምልክልሽ ቁጥር እውነተኛ ነው። ሦስት ሺህ አራት መቶ። ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ከዚያ በላይ አልሄደም። አንቺ ደግሞ ትናንት ጻፍሽልኝ፤ «ከዘጠኝ ሺህ ወደ ሦስት ሺህ? ሰነፈ ማለት ነው! ያን ሁሉ ሲራመድም ስኳሩ አልወረደም ነበር፤ ስለዚህ እንክብሉ አልሠራለትም። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሰኞ ሐኪሙ መርፌ እንዲጀምርለት እነግረዋለሁ።»

ሶሬ፣ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። በመጋቢት ስኳሩ ያልወረደው የተራመደው ቦቢ ስለሆነ ነው። የቦቢ ስኳር ምናልባት ወርዶ ይሆናል። አባዬ ባለፈው ማክሰኞ ሲለካ ግን ከሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ወደ መቶ ስድሳ ስምንት ወርዷል፤ ወረቀቱን እዚሁ ውስጥ አጥፌዋለሁ። በእኔ ውሸት የተነሳ መርፌ እንዳይወጉት። ሐኪሙ የሚወስነውን ይወስን፤ ግን እውነቱን ሰምቶ። ለሐኪሙ መናገር ከከበደሽ ሰኞ አብሬሽ ገብቼ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ቦቢንም በምስክርነት አቀርባለሁ።

ደግሞ እባክሽ ያቺን ሦስት ሺህ አትናቂያት። ሰነፈ አትበይው። አንቺን ለማስደሰት ብዬ ስዋሽ የእሱን ትንሽ ቁጥር ለካ እኔም ንቄያት ነበር። አሁን ሳያት ከአሥራ አራት ሺው ትበልጥብኛለች። ለእኔም ቢሆን አንድ ነገር ሆኖልኛል፤ ማንቂያ ደወል ሳልሞላ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ዛሬ ብቻ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከእነሱ ቀረሁ፤ ይህን ለመጻፍ። እሱንም ከኃጢአቶቼ ጋር ደምሪልኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሳው የአባዱላ ሚኒባስ ረዳት ይህን ከጭኮው ጋር ያደርስልሻል። ከእንግዲህ የሚደርስሽ ቁጥር ሁሉ ሁለት እግር ብቻ ያለው መሆኑን ቃል እገባለሁ። ቅዳሜ ስትመጪ ስፖርት ጫማሽን አትርሺ፤ ኦቦ ሆርዶፋ ስለ ጉልበታቸው ነርስ ሲጠብቁ ከርመዋል።

የምትወድሽና የምትፈራሽ፣
እህትሽ መቲ

ቆይ፣ መጡ። የግቢው በር ተከፈተ። በመስኮት አያቸዋለሁ። አባዬ ላቡን ጠረገና ቁጥሩን ሊያይ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቦቢ እየሮጠ መጣ... ወይኔ! ፊቱ ቁጭ አለና አንገቱን ዘረጋለት። አባዬ ስልኩን አየ። ቦቢን አየ። ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ቦቢ አንገት አስጠጋ፤ ይህ ከሃዲ ጅራቱን እየቆላ ዓይኑን ጨፈነለት። አሁን አባዬ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ያን አሮጌ ካልሲ እያየ ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ በንዴት ይሁን በሳቅ ከዚህ አይለይም።

«መቲ! መቲ ፈየራ! ነዪ እስኪ፤ ይሄ ውሻ ስንት ሺህ ሄደልኝ?»