ጠገራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ

ልጄ ፌበን፣ እግዚአብሔር የኖርዌይን ብርድ ያቅልልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ፈያ ነሽ ወይ? እኛ ደኅና ነን። ሮቤ ውርጩ በርትቷል፤ ስንዴው ግን ተመስገን ገብቷል።

አባትሽ የድሮ ሳንቲም መሰብሰቡን አልተወም። «አጨዳው እስኪያልቅ ሳንቲም የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» ብዬው፣ እሺ ብሎ ነበር። ታዲያ ልክ ኮምባይነሩ እኛ ማሳ የሚገባ ቀን፣ ጊኒር ያሉ አዴ ሙሉካ የሚባሉ እናት ጠገራ ብራቸውን ሊሸጡ ነው ተብሎ ተደወለ። አባትሽ ምሳውን ሳይነካ ተወው። አሳዘነኝና እኔው ሄድኩለት።

ጠገራው አዴ ሙሉካ በሠርጋቸው ቀን ያደረጉት የአንገት ጌጥ ነው። «አንቺስ ትወጂዋለሽ?» አሉኝ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ የሚወደው ባሌ ነው» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንጥረኛ አቅልጦ ቀለበት ከሚያደርገው፣ የሚወደው ሰው ይያዘው» ብለው ከአንገታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ገና ሙቀታቸው ነበረበት። መንገዱን ሙሉ ከመቀነቴ እያወጣሁ ሳየው መጣሁ።

አባትሽ ገለባ በገለባ ሆኖ ከማሳው እየሮጠ መጣ፤ እጁን ሳይታጠብ ግን አልነካውም። ማታ እንደ ሙሽራ ሲዘፍን ነበር!

አንቺም ሥራ ሥራ እያልሽ ምግብሽን አትርሺ፤ ካፖርትሽን ሳትቆልፊ አትውጪ። የነካሽው ይባረክ፣ በሰላም ለዓይናችን ያብቃሽ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ፣ ካለሽበት አገር አንድ ሳንቲም ላኪልኝ። ለአባትሽ አላልኩም፤ ለእኔ ነው።

እናትሽ ማናልበሽ